ጣሪያው አስፋልት የተሻገረበት ማለዳ

የዚያን ቀን ሱቄን የከፈትኩት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ሻንቶ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሚስማር የሚገዛ ሰው የለም፤ እኔም ለመሸጥ ብዬ አልነበረም። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። ከሱቄ ማዶ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው የወታደሮቹ አዳራሽ ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ ግድግዳው ፈርሶ፣ የጣሪያው አጽም ብቻ በምሰሶ ላይ ቀርቷል። ያንን ጣሪያ እንዳለ፣ አንድ እንጨት ሳይነቀል፣ ሰው በትከሻው ተሸክሞ መንገድ ሊያሻግረው ነው። 

«ዛራ፣ ተነሳህ?» አለኝ ጋሽ ኤርካሎ ከጨለማው ውስጥ።

«ተነስቻለሁ ጋሼ።»

«ጎበዝ። ገመድ አምጣ።»

ለማያውቀኝ ልናገር፤ እኔ ሴት ነኝ፣ ያውም የአራት ልጆች እናት። ጋሽ ኤርካሎ አማርኛ የተማረው ጦር ሰፈር ውስጥ፣ ወንድ በወንድ ላይ ሲጮኽ ሰምቶ ስለሆነ፣ ለእሱ የአዳም ዘር ሁሉ «አንተ» ነው። ሚስቱም አንተ ነች፣ ላሟም አንተ ነች፣ እኔም እንደዚያው። በወላይትኛ ሲያወራ እንዲህ አይሳሳትም ይሉኛል። እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንድ ቀን አንቺ ቢለኝ የተቀየመኝ ይመስለኛል።

የተወለደው ዳሞታ ተራራ ሥር ነው። ጢሙ በደንብ ሳይወጣ ወታደር ሆነ። ወዶ ይሁን ተገዶ ስጠይቀው አንድ ቀን እንደዚህ፣ ሌላ ቀን እንደዚያ ይለኛል። ብቻ ከዚሁ ከሻንቶ አብሮት የሄደ ቦልቴ የሚባል ጓደኛ ነበረው። ቦልቴ ሰገነትን ካገባ ዓመትም ብዙ አልሆነውም ነበር። ሁለቱ በአንድ መኪና ተጭነው ሄዱ፣ በአንድ ምሽግ አብረው ከረሙ፣ ተመልሶ የመጣው ግን አንዱ ነው። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ጋሽ ኤርካሎ ከሰሜን እስከ ሶዶ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን ለምኖ በተሳፈረው መኪና መጣ። እናቱ ቤት ከመግባቱ በፊት ሰገነት ደጃፍ ላይ ቆመ። እዚያ የተባባሉትን እሱም እሷም ለማንም አይናገሩም። እትዬ ሰገነት ያለ ሬሳ ለቅሶ ተቀመጠች።

በዚያን ጊዜ ከጦርነት የተመለሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሄደው። የሻንቶዎቹ ገበያው ዳር ዋርካ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ሰው ትኩር ብሎ ሲያያቸው ደግሞ አንድ በአንድ ይበተናሉ። ማኅበር ነን ማለት ስላስፈራቸው እድር ነን አሉ። ውሸት አልነበረም፤ ከመሃላቸው ሰው ሲሞት ከእነሱ በቀር አፈር የሚያለብሰው አልነበረም። ለእድሩ ቤት መሥሪያ ቆርቆሮውን የሰጣቸው አባቴ ሳሊህ ነው፤ አላህ ይማረውና። ከስልጤ መጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። እናቴ ምን አግብቶህ ብላ ስትቆጣ፣ «እዚህ አገር ስገባ መጀመሪያ ያሰብኩት ማን ይቀብረኛል ብዬ ነው፤ እነዚህም እሱን ነው የሚያስቡት» አላት። እኔም ቆርቆሮውን ካቀበሉት ልጆች አንዷ ነበርኩ።

ቆርቆሮው የሚያርፍበትን ወራጅ ግን ጋሽ ኤርካሎ ከማንም አልቀበልም አለ። «አንድ ሰው አንድ እንጨት ይዞ ይምጣ። አንዱ እንጨት ላልተመለሰ አንድ ጓደኛው ነው» አለ። መጡ፤ ባሕር ዛፍ የተሸከመ ከየመንደሩ መጣ። ለቦልቴ ግን እትዬ ሰገነት ራሷ ጽድ አስቆርጣ አመጣች። ቦልቴ በሠርጋቸው ሰሞን ጓሮ የተከለው ነው። ችግኝ ሳለ ጥጃ ረግጦት ስለነበር ወገቡ ላይ ጎበጥ ያለ ነው። አናጺው ይሄ ለወራጅ አይሆንም አለ። ጋሽ ኤርካሎ ይሆናል አለ፤ ሆነ።

ስሞቹን ማንም አልጻፈም። የወታደር ስም መዘርዘር በዚያን ዘመን የሚያስፈራ ነገር ነበር። ስለዚህ በቃል ተያዘ፤ በበሩ ትገባለህ፣ በስተግራ ትጀምራለህ፣ ዞረህ ወደ በሩ ትመለሳለህ። ቦልቴ ሦስተኛው ነው። በየወሩ አንድ እሑድ፣ ከቸርች መልስ፣ ጋሽ ኤርካሎ ወራጁን በዱላው እየነካ ስም ይጠራል፤ ከአባላቱ አንዱ «አለ» ብሎ ይመልሳል። ለቦልቴ ስም የሚጠራውም «አለ» የሚለውም ራሱ ነው። በኋላ መጻፍ ሲቻል ልጻፍልህ ብለው እምቢ አለኝ። «ከተጻፈ ማን ይጠራቸዋል?» አለ። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ እንኳ እንጨቶቹን እርምጃውን ቆጥሮ በዱላው ነው የሚያገኛቸው።

ስም ሲጠራ ሴት አትገባም። እትዬ ሰገነት ውጭ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች። ያንን «አለ» ስንት ዓመት ሙሉ በጭቃ ግድግዳ በኩል ሰማችው። አንድ ቀን የቃሪያ ዳጣ ልትሸጥልኝ መጥታ፣ «እኔ ሌላ መቃብር የለኝም፣ ያ ጽድ ነው» አለችኝ። ከዚያ ዳጣው ስንት እንደሚበቃኝ ጠየቀችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝም።

አዳራሹ ያላስተናገደው ነገር የለም። የልጆች ክትባት እዚያ፣ የማታ ትምህርት እዚያ፣ ቴሌቪዥን ሲገባ ደግሞ የእንግሊዝ ኳስ እዚያ። ከባድመ የመጡት ገቡ፣ ከዚያ ወዲህም የመጡት ገቡ። አሥር አለቃውና ሃምሳ አለቃው እየበዛ ተራ ወታደር ጠፋ። በሩ ብቻ እንደ ጥንቱ ቀረ። ያኔ ፈርተው ወደ ጓሮ አዙረውት ነበርና፣ አስፋልቱ ላይ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ጀርባውን ነው። ጋሽ ኤርካሎ ይህ ነገር እንደ እሾህ ይወጋዋል። «እንደ ሌባ በጓሮ እገባለሁ» ይላል።

መንገዱ ሊሰፋ ነው ሲባል ታዲያ እኛ ስንደነግጥ እሱ ደስ አለው። ለከተማው የሚሠራው መሐንዲስ ሚልክያስ፣ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው፣ ከአስፋልቱ ማዶ ምትክ ቦታ አስፈቅዶላቸው መጣ። ጋሽ ኤርካሎ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ስፋቱ አይደለም።

«በሩ ወደ አስፋልት ይሆናል?»

«ይሆናል ጋሼ። ከፈለጉ ታፔላም እንሰቅላለን።»

በነጋታው ታፔላው ተጻፈ። ቀለሙ እስኪደርቅ ሱቄ በር ላይ አስደግፎት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየመጣ በጣቱ ይነካካው ነበር። እጁ ቀለም በቀለም ሆኖ ሻይ ሲጠጣ አይቼ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ጣጣው የመጣው ጣሪያው ሲፈታ ነው። ሚልክያስ እንጨቶቹ ላይ ቁጥር ጽፎ አንድ በአንድ ለመንቀል አሰበ፤ ጥሩ ሐሳብ ነበር። የመጀመሪያው ሚስማር ሲነቀል ግን ወራጁ ከጫፉ እስከ መሃሉ ተሰነጠቀ። ሚስማሩ ዝጓል፣ እንጨቱ ደርቋል፣ አንዱ ካንዱ ተጣብቋል። እኔም ነጋዴ አይደለሁ፣ አዲስ አጣና ላምጣላችሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ኤርካሎ ወደ እኔ ያዞረውን ፊት ለጠላቴም አልመኝ። እትዬ ሰገነት ከሰው ኋላ ቆማ ነበር። የተሰነጠቀው የቦልቴ ጎረቤት ነው፣ ሁለተኛው።

«ወንድሜ፣ የቦልቴን እንዲህ ታደርገዋለህ?» አለችው።

«አላደርግም። አንድም እንጨት አይነቀልም። እንዳለ ይሻገራል፣ ሰማህ ሰገነት? ቃሌ ነው።»

ሰው ሁሉ አበደ አለ። እሱ ግን ልጅ ሆኖ ያየውን ነው የተናገረው፤ ሥሩን ምስጥ የበላው የሣር ቤት፣ መንደሩ ተሰብስቦ ከመሬት አንስቶ ንጹሕ ቦታ ላይ ሲያስቀምጠው አይቷል። ሚልክያስ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን ተወ። በማግስቱ ዓይኑ ቀልቶ መጣና፣ «ቆርቆሮው ከተነሳ፣ ከሥሩ ረጃጅም አጣና አቋርጠን ካሰርን፣ መቶ ሰው ይበቃል» አለ። እሱም እንደ ሽማግሌው አብዷል ብዬ ደስ አለኝ።

ስለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ሰው ገና ሳይነጋ መጉረፍ ጀመረ። የቸርች መዘምራኑ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ከሱብሂ ሶላት የወጡት የእኛ ሰዎች፣ ሥራ ሲኖር በዳጓ፣ በወላይታው ደቦ፣ የሚጠራሩት የየመንደሩ ጎረምሶች። ወታደሮቹ ከነመለዮአቸው መጡ፤ ከፊት እኛ ነን አሉ፣ ማንም አልተከራከራቸውም። ሴቶች ባላ ይዘን ከጎን እንድንሄድ ተባልን፤ ተሸካሚው ሲደክመው ጣሪያው በባላ ተደግፎ እንዲያርፍ ነው። ማዶ፣ አዲሱ ቦታ ላይ፣ ሚልክያስ ምሰሶዎቹን አቁሞ፣ የበሩን መቃን ወደ አስፋልቱ አድርጎ ተክሎ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ትንሽ ትርምስ ነበር። ሃምሳ አለቃው ሁሉ አዛዥ ሆነ፤ አንዱ አንሱ ሲል ሌላው ቆይ ይላል። ጋሽ ኤርካሎ ዱላውን አስፋልቱ ላይ ሁለቴ መታ።

«ዛሬ አዛዥ አንድ ነው። እኔ ነኝ። ሦስት ስል።»

ሦስት አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቤቱ ተነፈሰ። የስንት ዓመት ጥላሸትና የሸረሪት ድር በራሳችን ላይ ዘነበ፤ ጣሪያውም ከምሰሶው ተላቆ ሽቅብ ወጣ። ጎረምሶቹ በወላይትኛ የሥራ ዘፈን አነሱ፤ ከኋላ አውጪው ሲያወጣ ከፊት ይቀበላል፣ እግርም ከዘፈኑ ጋር ይሄዳል። እኔ ከጎናቸው ባላዬን ይዤ በሩጫ በእርምጃ መሃል እሄዳለሁ፣ ሂጃቤ አንድ ጊዜ ይወድቃል፣ አንድ ጊዜ እመልሰዋለሁ። ከሶዶ የመጣ አይሱዙ ቆመ። ከኋላው ሚኒባስ ቆመ፤ ተሳፋሪው ወርዶ ስልኩን ወደ ላይ አነሳ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ የሠርጌን ቀን ጨምሬ ነው።

የአስፋልቱ መሃል ላይ ስንደርስ ፊሽካ ተነፋ።

ፖሊስ ጣቢያው ከእኛ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ፊሽካ ይነፋል፣ የሚሄድ ሁሉ ይቆማል፤ ሻንቶ ብቻ ሳይሆን የትም እንደዚያው ነው። መቶ ሰው ስናሰባስብ፣ ገመድ ስንቆጥር፣ መኪና ስናስቆም፣ ባንዲራውን ያስታወሰ አንድም ሰው የለም። ዘፈኑ ተቆረጠ። ጎረምሶቹ ባሉበት ቆሙ፣ ጣሪያውን እንደያዙ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር።

ወታደሮቹ ግን ተጠንቀቅ ቆሙ። ተረከዝ ከተረከዝ ገጠመ፣ አገጭ ቀና አለ፣ እጅ ጭን ላይ ተለጠፈ። ሁሉም፣ በአንድ ጊዜ። መጀመሪያ እጁን የለቀቀው አዛዡ፣ ጋሽ ኤርካሎ ራሱ ነው።

የጣሪያው ፊት ቁልቁል ሄደ። አጣናው ሲንቋቋ ሰማሁ። መጮኽ ፈለግሁ፣ አልቻልኩም፤ ባንዲራ ሲሰቀል ማን ይጮኻል? ሚልክያስ ከማዶ ሆኖ በሹክሹክታ «እጅ፣ እጅ፣ ኧረ እጅ» ይላል። አንዲት ሴት ባላዋን ወርውራ ከጣሪያው ሥር ስትገባ አየሁ። እትዬ ሰገነት ናት። ትከሻዋን ከፊተኛው አጣና ሥር ከታ ጉልበቷ እስኪታጠፍ ቻለችው። ከዚያ ሴቱ ሁሉ ገባ። እኔም እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ አንገቴ ላይ እንጨት፣ ፊቴ ላይ የአንድ አሥር አለቃ ክርን። ከላይ ክብደቱ፣ ከጎን የቆሙት ወንዶች ትንፋሽ፤ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። ባንዲራውን የሚሰቅለው ፖሊስ፣ አላህ ይስጠው፣ ገመዱን እንደዚያ ቀን አፍጥኖ ጎትቶት አያውቅም።

ሁለተኛው ፊሽካ ሲነፋ ወታደሮቹ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ዘወር ዘወር አሉ። ጋሽ ኤርካሎ አጣናውን ጨበጠና ከአጠገቡ ያለውን ትከሻ በእጁ ዳሰሰ።

«ሰገነት ነህ? እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እናንተ የለቀቃችሁትን እይዛለሁ» አለችው።

 እንሂድ አለ፣ ሄድን። ከዚያ በኋላ ማን ወንድ፣ ማን ሴት፣ ማን ወታደር እንደሆነ ያየም የለ፤ ዘፈኑ ብቻ እጥፍ ሆኖ ወጣ። ማዶ የመብራት እንጨት መንገድ ዘጋብን፤ ግራ ብለን፣ ቀኝ ብለን፣ ጣሪያውን አዙረን አሳለፍነው። ሚልክያስ እጁን እያወራጨ የሆነ ነገር ይጮኻል፣ የሰማው ግን የለም። ጣሪያው ምሰሶዎቹ ላይ ቁጭ ሲል እልልታው ሶዶ የተሰማ ይመስለኛል። አንድም ወራጅ አልተነቀለም። ያቺ የተሰነጠቀችው እንኳ እንደተሰነጠቀች ተሻገረች። ጋሽ ኤርካሎ አለቀሰ፣ ሳቀ፣ ደግሞ አለቀሰ። እኔም የማላውቀውን ባጃጅ ነጂ አቅፌ አገኘሁት።

«አሁን ስም ይጠራል» አለ ጋሽ ኤርካሎ። እሑድ ይድረስ ቢሉት አልሰማም።

ሴቶቹ በልማዳችን ውጭ ልንቆም ዞር አልን። ግን ግድግዳ የለም። የቱ ውጭ እንደሆነ፣ የቱ ውስጥ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ባለንበት ቆምን። እሱ መለዮውን አስተካክሎ፣ ጀርባውን ለአስፋልቱ ሰጥቶ፣ በአዲሱ መቃን በኩል ገባ። እንዲያ ደረቱን ነፍቶ አይቼው አላውቅም። በዱላው በስተግራ የመጀመሪያውን ነካ፤ ስም ጠራ፣ አለ ተባለ። ሁለተኛውን ነካ፣ አለ ተባለ። ሦስተኛውን ነካ።

«ወታደር ቦልቴ ባሳ።»

መልሱን ራሱ ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ «ወንድሜ፣ ያ ቦልቴ አይደለም» የሚል ድምፅ ከወዲያኛው ጥግ መጣ። እትዬ ሰገነት ከአዳራሹ ሌላ ጫፍ ቆማ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የጎበጠውን ጽድ ይዛለች። «ቦልቴ እዚህ ነው» አለች።

ሁላችንም ቀና ብለን አየን። የመብራቱ እንጨት ጋ ስናዞረው ጣሪያው እንደዞረ ቀርቷል፣ የበሩ ወገን ወደ ጓሮ ሆኗል። «እኔ ስጮኽ ነበር» አለ ሚልክያስ ቀስ ብሎ። የጋሽ ኤርካሎ ዱላ በአየር ላይ ቀረች፣ ፊቱ አመድ መሰለ። የሦስት ሰው ስም በሌላ ሰው እንጨት ላይ ጠርቷል፤ በዚህ በር ከገባ ደግሞ ሁሉም እንደዚያው ሊሆን ነው። ጣሪያው ሳይነቀል መጣ፣ ስሞቹ ግን መንገድ ላይ ሊቀሩ ነው።

«እናንሳው፣ እናዙረው» አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። መሬት ላይ የተዘረጋ ጎረምሳ፣ ትከሻውን የሚያሽ ሃምሳ አለቃ፤ ሰው አልቋል።

«ጋሼ፣ ጣሪያውን ማዞር አይቻልም። በሩን ማዞር ግን ይቻላል» አለ ሚልክያስ። ቀጥሎ ያለውን ለመናገር ከበደው። «ወደ ጓሮ ይሆናል።»

ጋሽ ኤርካሎ ፊቱን ወደ አስፋልቱ መለሰ። ሚኒባሱ ሄዷል፣ ታፔላው ግን ሱቄ በር ላይ ተደግፎ ከወዲያ ይታያል። እሱ ባያየውም የት እንዳለ ያውቃል። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ በጓሮ ሲገባ ኖሮ፣ በፊት ለፊት የገባው ለሦስት ስም ብቻ ነው። እትዬ ሰገነት እጇን ከጽዱ አላወረደችም።

«መቃኑን ንቀል» አለ።

ተነቀለ። ዛሬ ከሶዶ የሚመጣ እንግዳ ታፔላውን አንብቦ በሩን ሲያጣ፣ ሱቄ ድረስ መጥቶ ሕንጻው መግቢያ የለውም ወይ ይለኛል። ዙር እለዋለሁ። ያን ቀን ግን ፀሐይ ገና ከፍ ሳትል መቃኑ በጓሮ በኩል ተተክሎ አለቀ፤ ጋሽ ኤርካሎም እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከመጀመሪያው ጀመረ። አለ ተባለ። የተሰነጠቀችውን ነካ፣ አለ ተባለ።

ሦስተኛው ላይ ዱላውን የጽዱ ጉብታ ላይ አሳረፈ።

«ወታደር ቦልቴ ባሳ።»

ጠበቅን። መልሱ የእሱ ነው፤ ከእሱ በቀር መልሶ የሚያውቅ የለም። ጋሽ ኤርካሎ ከንፈሩን ገጥሞ፣ የማያዩትን ዓይኖቹን ወደ ሴቶቹ አዞረ።

«አንቺ በይ» አላት።

በስንት ዘመኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እትዬ ሰገነት ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«አለ» አለች።

ጋሽ ኤርካሎ ራሱን ነቀነቀና ዱላውን ወደ አራተኛው አሳለፈ።